ደክሞ ያገለገለውን ሰው ስለ መጦር

ልጅ የወለደ ሰው «ጧሪ ቀባሪ አገኘ» ይባላል፤ ሳይወልድ የቀረውም «ጧሪ ቀባሪ የለውም» ተብሎ ይታዘንለታል። ከእርግማንም ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው «ጧሪ ቀባሪ ያሳጣህ» የሚለው ነው። መንግሥትም ለአገልጋዮቹ የእርጅና አበል ሲወስን ለነገሩ ስም ከሩቅ አላመጣም፤ ከዚያው ከመጦር ላይ ወስዶ ጡረታ አለው። በዚህ በአባቶቻችን አነጋገር ውስጥ ሁለት ሥራ ተጣምሮ ይገኛል፤ ሰው በሕይወቱ ሳለ መመገብና ማልበስ ፊተኛው፥ ሲሞት በክብር መቅበር ኋለኛው ነው። በዘመናችን ግን ኋለኛው ከፍ ብሎ ፊተኛው እንደ ወደቀ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለዚህ ጉዳይ ቡሌን ምሳሌ ለማድረግ አስበናል። ቡሌ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጌዴኦ ዞን ከዲላ ከተማ በላይ በደጋው የምትገኝ ወረዳ ናት። ብርዷ የበረታ፥ እንሰትና ገብስ፥ ባቄላና ቀርከሃ የሚበቅልባት አገር ናት። ጌዴኦ በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራበት የይርጋጨፌ ቡና የሚለቀመው ዝቅ ብሎ ባለው ወይና ደጋ ስለ ሆነ፥ የደጋው ሰው ከቡናው ገንዘብ የሚደርሰው በአብዛኛው ወደ ታች ወርዶ በጉልበቱ ሲሠራ ነው። ጉልበት ደግሞ የሚያልቅ ነገር ነው። በገበያ ቀን መንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ጠጉራቸው የነጣ ሽማግሎች የቀርከሃ ሸክም ተሸክመው ሲወጡና ሲወርዱ፥ ባልቴቶችም ቆጮ በጀርባቸው አዝለው ሲመጡ ያያል። ከዚህ የሚበዛው ሰው ሥራ ወድዶ አይደለም የሚሠራው፤ ቢያርፍ የሚያበላው ስለሌለ ነው።

እነዚህ ሰዎች በወጣትነታቸው ሰነፎች ነበሩ የሚል ቢኖር ታሪኩን አያውቅም። በንጉሡ ዘመን የነበረው ጭሰኛ ለባለርስት ሲገብርና ሲያገለግል ኖረ፤ በዚሁ ምክንያት በ1952 ዓ.ም. በሚችሌ የተነሣው ግጭትና የፈሰሰው ደም በአገሩ እስከ ዛሬ ይነገራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሃያ አምስት ዓመት የነበረው ጎልማሳ ዛሬ ከሰባ አምስት አልፏል። ያ ሰው መሬቱን እንዳገኘ እንሰት ተከለ፥ ቀርከሃውን ጠበቀ፥ ልጆች ወለደ። ልጆቹም ሲያድጉ እንደ አገሩ ልማድ ለያንዳንዱ ወንድ ልጅ ሲያገባ ከማሳው ቆርሶ ሰጠ። የጌዴኦ ምድር በኢትዮጵያ ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው የገጠር አገሮች በፊተኛው መስመር የሚቆጠር ስለ ሆነ፥ ያ ቁራሽ ለልጁ አልበቃም፤ ለአባቱም የቀረው ከጓሮ የማይበልጥ ሆነ። አባት የሰጠውን መልሶ መጠየቅ አይችልም፤ ልጅም የተቀበለውን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ቤት ሊመግብበት አይችልም።

የእንሰትን ነገር እዚህ ላይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ የሚደርሰው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ብርድ በበረታበት ደጋ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ የበሰለ እንሰት በጓሮው ያለው ሽማግሌ ገንዘብ በባንክ እንዳስቀመጠ ሰው ይቆጠራል፤ በክፉ ቀን አንዱን ቆርጦ ያስፍቃል። ነገር ግን ለልጅ ትምህርት፥ ለሕመም፥ ለማዳበሪያ ዕዳ እየተባለ ሳይደርስ የተሸጠ እንሰት ለእርጅና አይተርፍም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፥ ወጣቱ ተመልሶ እንደገና ሊተክል ቻለ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ግን አዲስ የተከለው እንሰት እስኪደርስ የሚኖርበትን ዓመት የሚያበድረው ማን ነው? ደግሞ እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው፤ ጉልበት የሚሰብር፥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው በእጅና በእግር የሚሠሩት ሥራ ነው። ባሏ የሞተባት ባልቴት የራሷን እንሰት ለመፋቅ አቅም ሲያንሳት፥ የሰው እንሰት ፍቃ በቆጮ የምትከፈልበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ትውልዱ ስለዚህ ነገር ምን ይላል ብለን ብንጠይቅ ሁለት ዐይነት ድምፅ እንሰማለን። ሽማግሎቹ «የዛሬ ልጅ አባቱን አያውቅም፤ እኛ አባቶቻችንን በጀርባችን ተሸክመን ኖረናል» ይላሉ። ወጣቶቹም «መሬት የለንም፥ ተምረንም ሥራ አላገኘንም፤ ለራሳችን ያልበቃን ሰዎች ማንን እንርዳ? ሽማግሌን መርዳት የመንግሥት ሥራ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ከእውነት ጥቂት አላቸው። የዛሬው አባት አባቱን ጦሮ እንደ ሆነ ከሰፊ ማሳ ላይ ነው የጦረው፤ የዛሬው ልጅ ያ ማሳ የለውም፤ ይህን መርሳት ፍርድ ማጉደል ነው። ነገር ግን ድህነት ሁሉ ምክንያት አይሆንም። ዲላ ወይም ሐዋሳ፥ አዲስ አበባም ገብቶ ደመወዝ የሚበላ ልጅ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሻገረ ልጅ፥ ለአባቱ በሕይወቱ ሳለ አንድ ጋቢ ሳይልክ፥ የሞተ ዕለት መኪና ተኮናትሮ፥ ድንኳን አስተክሎ፥ ሠንጋ አሳርዶ ሲያለቅስ እናያለን። ለቀብሩና ለተዝካሩ የወጣው ገንዘብ ሟቹን ሁለትና ሦስት ዓመት ሊመግበው የሚችል ነበር። በወንጌላውያኑ ዘንድ ተዝካር ባይኖርም የልቅሶው ወጪ አልቀረም። ይህ የድህነት ጉዳይ ሊባል አይችልም፤ ገንዘቡ አለና።

ለሊቃውንቱ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7 ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ነገር ይኸው ነው፤ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ርዳታ «ቁርባን ነው» እያሉ ከልክለው ልማዳቸውን ከትእዛዙ በላይ ስላደረጉ ነበር። የሲራክም መጽሐፍ በምዕራፍ 3 አባቱ አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጅ ሊታገሠውና ሊረዳው እንደሚገባ ያስተምራል። እንግዲህ የንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ እንደሚጠይቀው ሁሉ «እናትህ ምን ትበላለች?» ብሎ ቢጠይቀው ከሥልጣኑ የወጣ አይሆንም። ለቤተ ክርስቲያን ጣራ ብዙ ቆርቆሮ ለሰጠ ሰው ስሙ በዐውደ ምሕረት ሲጠራ፥ አባቱ በዚያው ደብር አጥር ሥር ምጽዋት የሚለምን እንዳይሆን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ካህናቱ ከተነሣ አይቀር ዝም ልንለው የማይገባ ነገር አለ። በገጠር ደብር አርባ ዓመት ቀድሶ፥ ማሕሌት ቆሞ፥ ሙታንን ቀብሮ ዐይኑ የደከመ ቄስ፥ ድምፁም የዘጋ መሪጌታ ጥቂት አይደለም። ከነዚህ የሚበዙት የጡረታ መዋጮ ተከፍሎላቸው የማያውቁ ናቸው። ደብሩ ገቢ ሲኖረው ሕንፃ ያሠራል፤ አገልጋዩ ሲደክም ግን በምእመናኑ ቸርነት ይተዋል። የወንጌላውያኑም ወንጌል ሰባኪዎች ከዚህ የተሻለ ዕጣ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ምእመናንን አባትህን ጡር ብሎ የሚያስተምር ሰበካ አስቀድሞ የራሱን ሽማግሎች ቢጦር ቃሉ ይሰማለታል።

ወደ መንግሥት ሥራ ስንመለስ፥ የጡረታ ሕግ ባገራችን እንግዳ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለ ሕግ የደረሰላቸው በ2003 ዓ.ም.፥ ይኸውም ከ48 ዓመት በኋላ ነው። በዚሁ በ2003 ዓ.ም. በተሠራው ደንብ መሠረት፥ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ከመጨረሻው የሦስት ዓመት ደመወዙ መካከለኛ ከመቶ 30 ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይጨመርለታል። ስለዚህ 30 ዓመት በቡሌ ትምህርት ቤት ያስተማረ መምህር ከመቶ 55 ያገኛል ማለት ነው። ይህ በወረቀት ሲታይ መልካም ነው። ነገር ግን አበሉ የሚታሰበው በጥንቱ ደመወዝ ነው፤ ጤፍና ዘይት የሚገዛው ግን በዛሬው ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሥራ ላይ ላለው ሠራተኛ የደመወዝ ጭማሪ ተደርጎለታል፤ ጭማሪውን የሰጠው ክፍል ጡረተኛውንም በዚያው ወር እንዲያስበው መጠየቅ የልመና ነገር አይደለም። ጡረተኛው ከደመወዙ እየተቆረጠ ያስቀመጠው የራሱ ገንዘብ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ከነዚህ ከሁለቱም ሕጎች ውጭ የቀረው ሰው ነው። ገበሬው፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ተሸካሚው፥ የሰው ቤት ሠራተኛዋ ጡረታ የሚባለውን በወሬ ነው የሚያውቁት። በይርጋጨፌና በወናጎ፥ በኮቸሬና በገደብ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከጥቅምት እስከ ጥር የሚቀጠሩ ሰዎች አሉ፤ ከነዚህም መካከል ከደጋው የሚወርዱ ሽማግሎችና ባልቴቶች ይገኛሉ፤ ሴቶቹ ቡና ይለቅማሉ፥ ወንዶቹ ሌሊት ይጠብቃሉ። በየዓመቱ ለሦስት ወርና ለአራት ወር እየተቀጠረ ሃያ ዓመት የሠራ ዘበኛ በመዝገብ ቢታይ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራበት ጊዜ አይገኝም። አሥሩ ዓመት ታዲያ መቼ ይሞላለታል? ቡናው በውጭ አገር ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጥ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ባለ ጣቢያዎቹና የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ከያንዳንዱ ኩንታል ጥቂት ለደከመው ሠራተኛ ቢያስቀምጡ የሚከስሩ አይመስለንም። ዘላቂ ሠራተኛን ያለ ጡረታ መዋጮ የሚያሠራ አሠሪ ካለ ግን እርሱ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ቁጥጥር ነው። ዛሬ የአሠሪው ድርሻ ከመቶ 11፥ የሠራተኛው ከመቶ 7 መሆኑ በሕግ የታወቀ ነው፤ የሠራተኛውን ደመወዝ ስለሚያስቀሩ ባለ ጠጎች ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የጻፈውን ደግሞ ካህናቱ ያውቁታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ርዳታ እንዲያደርግ ደንግጓል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በኋላም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ወስነዋል። በሌላውም ዓለም ሲንጋፖር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995፥ ሕንድም በ2007 ወላጆች ልጆቻቸውን በሕግ የሚጠይቁበትን አዋጅ አውጥተዋል። ነገር ግን ባገራችን ልጁን ከሶ ፍርድ ቤት የሚያቆም አባት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከልጁ ጋር ተካሶ ከሚበላ ተርቦ ቢሞት ይመርጣል። ስለዚህ በዚህ ነገር ዳኛው ብቻውን አይበቃም።

ጌዴኦ ለዚህ የሚሆን የራሱ ዳኝነት አለው። ሶንጎ የሚባለው የሽማግሎች ጉባኤ ጠብን ያበርዳል፥ የድንበር ክርክርን ይቈርጣል፥ ያጠፋውን ይቀጣል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ፥ የተከበረው ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፎች ሥር አብሮ የማልማቱ ጥበብና ይኸው የሽማግሎቹ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኗል፤ ሽማግሌው በሶንጎ ተቀምጦ ሲፈርድ ሁሉ ይነሣለታል፥ ይሰማዋል፤ ከሶንጎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እሳት የሚያነድለት የለም። ዓለም የመሰከረለትን ምድር ጠብቆ ያቆየው ሰው በስተርጅናው ቀርከሃ ይሸከማል። ሶንጎው ስለ ላምና ስለ ወሰን እንደሚፈርድ ሁሉ፥ አባቱን የረሳውን ባለ አቅም ልጅ ጠርቶ ቢጠይቀው፥ አቅም ለሌለውም ወንድማማቾች ተራ ገብተው እንዲመግቡ ቢያስማማቸው፥ ከፍርድ ቤት የፈጠነ መድኃኒት ይሆናል። ሴት ልጆችም በዚህ ውስጥ ይቆጠሩ፤ መሬት ሳይካፈሉ የመጦሩን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት እነርሱ ናቸውና።

ስለ ዕድርም እንናገር። ዕድር ባገራችን ካሉት ማኅበራት ሁሉ ገንዘቡ የማይጠፋ፥ መዝገቡም የማይዛባ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ለሬሳ ነው። ከዚህም የሚብሰው፥ ሠላሳ ዓመት ወርኀዊ መዋጮውን ሲከፍል የኖረ ሰው በስተርጅናው ጥቂት ወር ሲያቋርጥ ከመዝገብ የሚሰረዝ መሆኑ ነው፤ ሽማግሌው ከራቡ ይልቅ ይህን ይፈራል። ዕድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ዕድሜው ከሰባ ያለፈና አቅም ያጣ አባል ያለ መዋጮ አባልነቱ እንዲጸና፥ ለቀብሩም ከሚከፈለው ገንዘብ እኩሌታው በሕይወቱ ሳለ በየወሩ እንዲሰጠው ቢወስኑ ምን ይጎዳሉ? ለሬሳ ሣጥን የሚወጣው ጥቂት ቢያንስ ሟቹ አይቀየምም።

ይህ ሁሉ ሲባል የመንግሥትን ድርሻ በቤተሰብና በዕድር ለመሸፈን አይደለም። ሌሶቶ እንደ ቡሌ ደጋና ብርድ የበዛባት፥ ሀብቷም ጥቂት የሆነ ትንሽ አገር ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 ጀምራ ሌላ ጡረታ ለሌላቸው፥ ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ዜጎቿ ሁሉ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወርኀዊ አበል ትሰጣለች። ዛንዚባርም በ2016 ይህንኑ ጀምራለች። ባገራችን ዕድሜያቸው 60 ዓመት የሞላ ሰዎች ከመቶ አምስት ያህል ናቸው፤ ሰባ የሞላቸው ከዚያ ያንሳሉ። ነገሩ ባንድ ዓመት አይፈጸም ይሆናል፤ ነገር ግን ከሰማንያ ዓመት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ታች መውረድ ይቻላል፤ መጀመሪያው ከባድ ስለ ሆነ ተብሎ ጨርሶ መተው አይገባም።

እስከዚያ ድረስ የወረዳ አስተዳዳሪዎች ዛሬውኑ ሊሠሩት የሚችሉት አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የድሆችን መዋጮ ከመንግሥት በጀት ይሸፍናል፤ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ባለበት ወረዳም መሥራት የማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ ተደንግጓል። ችግሩ ያለው በምርጫው ላይ ነው። የቀበሌው መራጭ «ይህ ሰው ልጆች አሉት» ብሎ ሽማግሌውን ካለፈው፥ ልጆቹም «መንግሥት ይርዳው» ካሉ፥ ሰውየው በሁለት ወንበር መካከል ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው ልጅ አለው ወይስ የለውም ተብሎ ሳይሆን፥ ባለፈው ክረምት ምን በላ፥ ታሞ ማን አሳከመው ተብሎ ነው። ይህን የሚያውቁት የቀበሌው ጸሓፊ ብቻውን ሳይሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፥ የዕድሩ ዳኛና የደብሩ ቄስ ናቸው። አራቱ አንድ ቀን አብረው ቢቀመጡ የቀበሌው የደከሙ ሰዎች ዝርዝር ከምሽት በፊት ያልቃል። ዝርዝሩም መሠራት ያለበት የቡና ለቀማ ከመጀመሩ አስቀድሞ በመስከረም ወር ነው፤ ከወይና ደጋው የተገኘው ገንዘብ በልጆቹ እጅ የሚገኘው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብቻ ነውና፥ ከጥር በኋላ ለሚጠይቅ የሚተርፍ የለም።